የበለዘ ጥርስ ይዘን ያደግን ሰዎችም ስለ ቬኒር የምንለው አለን

ሰሞኑን ስለ ቬኒር፣ ማለትም የጥርስ ፊት ላይ ስለሚለጠፍ ስስ ሽፋን፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰነበተ። እኔም ጋ ደረሰ። የላኩልኝ ወዳጆቼ ናቸው። የፊት ጥርሶቼን ቬኒር እንዳሰራሁ ስለሚያውቁ «እስቲ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብለው ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል። ቬኒር የታይታ ነገር ነው። ደህና ጥርስ ተሞርዶ ጉቶ ከሆነ በኋላ ከላዩ ሸክላ ይለጠፍበታል። ያም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይወልቃል፤ ወጪውም ማለቂያ የለውም። ጥርሱ የበለዘ ሰው ካለ ደግሞ በደንብ ስላልፋቀ ነው፤ ሎሚና ከሰል ይበቃዋል። አያቶቻችን በመፋቂያ ብቻ ጥርሳቸው ሐጫ በረዶ ነበር። ፈጣሪ የሰጠውን መልክ መነካካት አይገባም። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ገንዘብ ስለሚያገኙበት ነው የሚገፋፉት።

ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም። በክፋት እንዳልጻፉት ግን ያስታውቃል። ወጣቶች የማይሆን ቦታ ሄደው ደህና ጥርሳቸውን ሲያስበሉ አይተው ተቆርቁረው ነው። እዚህ ላይ አብሬያቸው ነኝ። ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ስህተቶች ሰው ይጎዳሉ። በተለይ እንደ እኔ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተወልዶ ያደገውን ሰው። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ጥርስ የሚበልዘው ስላልተፋቀ ነው»

ከዚህ የምጀምረው በጣም ስላመመኝ ነው።

ያደግኩት ወንጂ ነው። የሸንኮራ አገር። የስኳር ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ በኋላ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ መጣ፣ ሰፈር ተመሠረተ፣ ልጆች ተወለዱ። ይጠጣ የነበረው ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው። ጥርት ያለ ውሃ ነው። አይሸትም፣ አይደፈርስም። ሆድም አይቆርጥም። ውስጡ ያለው ፍሎራይድ ግን በዓይን አይታይም።

ነገሩ ከመሬቱ ይጀምራል። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ውሃው በዚያ አለት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ፍሎራይዱን እያሟሟ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ እንዲኖር የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊግራም ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ወንጂ ብቻ አይደለም። መተሐራ ሂዱ፣ ባቱ ሂዱ፣ ሀዋሳ ዙሪያ ያሉ ገጠሮችን እዩ። የልጆቹ ጥርስ ይነግራችኋል።

ፍሎራይድ በትንሹ ጥርስን ይጠብቃል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን ጥርሱን ገና ድድ ውስጥ ሳለ ያበላሸዋል። ጥርስ የሚሠራው መንጋጋ ውስጥ ነው፤ ሕፃኑ ገና ወተት ጥርሱን ሳይነቅል የዋናዎቹ ጥርሶች ሽፋን እየተሠራ ነው። ልጁ እስከ 8 ዓመቱ ድረስ የሚጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ከበዛበት ሽፋኑ በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ሆኖ ይበቅላል። መጀመሪያ ነጫጭ መስመር ይታያል። ከዚያ ከምግቡም ከሻዩም ቀለም እየጠጣ ቢጫ፣ ቆይቶም ቡናማ ይሆናል። የባሰበት ደግሞ ይቦረቦራል።

ስለዚህ ጸሐፊው ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ያ ጥርስ ብሩሽ ሳይነካው በፊት ተጎድቷል። እናቴ ጠዋትና ማታ ቆማ እያየችን ነው የምንፋቀው። ቤታችን ኮልጌት የጠፋበት ቀን ትዝ አይለኝም። ግን ጥርሳችን ቡናማ ነበር። የሁላችንም። ሰፈር ውስጥ ሳላችሁ አይታወቃችሁም፤ ሁሉም ሰው እንዲያ ነው። አዲስ አበባ ስትገቡ ነው የሚታወቃችሁ። ታክሲ ውስጥ የማላውቃት ሴት «የወንጂ ልጅ ነሽ አይደል?» ብላኛለች። አፌን ከፍቼ ሁለት ቃል እንደተናገርኩ ነው። እሷ ክፋት አልነበራትም፤ የአዳማ ልጅ ነበረች። ሌላው ግን «ጫት ታበዢያለሽ?» ይላል። «ሲጋራ ነው?» ይላል። ሥራ ለመቀጠር ጠያቂዎቹ ፊት ስትቀመጡ ደግሞ ማንም ምንም አይላችሁም። የሚያዩት ግን የት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሎሚና ከሰልን በተመለከተ በሰፈራችን ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። ሎሚ በጨው፣ የተፈጨ ከሰል፣ አመድ፣ ሶዳ። ቡናማው ቀለም ሽፋኑ ውስጥ ስለገባ ላይ ላዩን ተፍቆ አይለቅም። የሎሚው አሲድ ግን ቀድሞውኑ የደከመውን ሽፋን ይበላዋል። ከሰሉ ይፍቀዋል። ውጤቱ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ እስከ አንጎል የሚሰማ ውጋት ነው። የተበላ ሽፋን ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ኢናሜል የሚሉትን ይህን ሽፋን የሠሩት ሕዋሶች ጥርሱ ብቅ ሲል አብረው ያልቃሉ። ስለ ቬኒር ጉዳት የሚያስጠነቅቅ ሰው ለመፍትሔ ሎሚና ከሰል ማዘዙ አሳዝኖኛል። ሐኪም ሳይኖር፣ ልክ ሳይኖር፣ በየቀኑ ሽፋኑን ማንሳት ማለት ነውና።

«ጥርስን ሞርዶ ጉቶ ማድረግ ነው»

ይህ የጽሑፉ ዋና ክስ ነው። አብሮት የሚዞረውን ፎቶ ሁላችንም አይተነዋል። ሾጠጥ ሾጠጥ ያሉ ትንንሽ ጉቶዎች አፍ ሙሉ ተደርድረው። ያስደነግጣል። ግን ያ ፎቶ የቬኒር አይደለም። ክራውን ለሚባለው ሌላ ዓይነት ሽፋን የተዘጋጀ ጥርስ ነው።

ክራውን ጥርሱን ዙሪያውን ይከበዋል። ስለዚህ ጥርሱ ከፊት ይሞረዳል፣ ከኋላ ይሞረዳል፣ ከጎንና ከጎን ይሞረዳል፣ ከጫፉም ይቆረጣል። ቬኒር ግን የሚሸፍነው የጥርሱን ፊት ነው፤ አንዳንዴ ጫፉን ጨምሮ። ጥፍር ጣት ላይ እንደሚቀመጠው ነው። ከኋላ በኩል ምላሳችሁ የሚነካው የራሳችሁን ጥርስ ነው። ኤደልሆፍና ሶረንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንኑ መዝነው አሳትመዋል። ለክራውን ሲዘጋጅ ከሚታየው የጥርስ ክፍል ከ63 እስከ 72 በመቶ የሚሆነው ይነሳል። ለቬኒር እንደ አሠራሩ ከ3 እስከ 30 በመቶ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል።

ለቬኒር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው። ሐኪሞቹ በዚህ ልክ የሚቆጠቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ቬኒር የሚይዘው በማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ደግሞ ጠብቆ የሚይዘው ኢናሜል ላይ ነው። ከኢናሜሉ ሥር ያለው ቢጫማ ክፍል ዴንቲን ይባላል፤ እሱ ላይ መያዙ ይዳከማል፣ ጥርሱም ስሜቱ ይነካል። የፊት ጥርስ ኢናሜል ከድዱ አጠገብ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ ነው ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋው። ሐኪሙ የሚሠራው በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። ከኢናሜሉ ከወጣ ራሱ የሠራውን ሥራ አዳከመው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። ቬኒርን የጀመረው ቻርልስ ፒንከስ የሚባል የካሊፎርኒያ የጥርስ ሐኪም ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ለሆሊውድ ተዋንያን ካሜራ ፊት እስኪቆሙ ድረስ ብቻ የሚቆይ ስስ ሽፋን ይለጥፍላቸው ነበር። ቀረጻው ሲያልቅ ይነሳል። አጥብቆ የሚይዘው ማጣበቂያ ገና ስላልነበረ ከዚያ በላይ አይቆይም። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ማይክል ቦኖኮር የተባለ ተመራማሪ ኢናሜልን በአሲድ ትንሽ ካሻከሩት ማጣበቂያ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቬኒሩ የሚሠራበትን ሸክላ፣ ፖርሲሊኑንም፣ ከውስጥ በኩል በሌላ አሲድ ማሻከር ተቻለ። ያኔ ነው ስስ ፖርሲሊን ጥርስ ላይ ለዓመታት መቆየት የቻለው። ጸሐፊው «ይለጠፍበታል» ብለው ያቃለሉት ነገር ይህን ሁሉ ይዟል።

እኔ ላይ ሲሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ምንም ሳይሞረድ የአፌ ልክ ተወሰደ። ቴክኒሻኑ በዚያ ሞዴል ላይ ወደፊት የሚኖረኝን ጥርስ በሰም ሠራ። ሐኪሟ ያንን ቅርጽ በጊዜያዊ ማቴሪያል የራሴ ጥርስ ላይ አስቀምጣ መስታወት ሰጠችኝ። «ተናገሪ፣ ሳቂ፣ "ፈ" በዪ፣ "ቨ" በዪ» አለችኝ። ጫፉ ከንፈሬን ሲነካ ረዝሞ ተሰማኝ። ነገርኳት። አሳጠረችው። ያኔ እንኳ ገና አንድም ጥርሴ አልተነካም። የሞረደችውም በዚያው ቅርጽ ላይ እየለካች ነው፤ አዲሱ ጥርስ የሚይዘውን ቦታ ያህል ብቻ። ፖርሲሊኑ መጥቶ ሲለጠፍ ደግሞ አፌ በፕላስቲክ ተከፍቶ ጥርሴ እንዲደርቅ ተደረገ። አሲዱ ተቀባ፣ ታጠበ። የበለዘ ኢናሜል አሲድ ቶሎ ስለማይበላው ትንሽ ቆየት እንደምታደርገው ነግራኝ ነበር። ከዚያ ማጣበቂያው፣ ከዚያ ማጣበቂያውን የሚያጠነክረው ሰማያዊ መብራት። አንድ በአንድ።

የዚህን ሁሉ ዝርዝር የምጽፈው በምክንያት ነው። ይህን ያላሳያችሁ፣ በሰም ያልሠራ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ማደንዘዣ ይዞ የሚመጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ከወንበሩ ተነሱ።

ጸሐፊው ልክ የሆኑባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሳልሸፋፍን ልበላቸው። አንደኛው፣ የተነሳ ኢናሜል አይመለስም። ከተሞረዳችሁ በኋላ «ይቅርብኝ» የለም። ዕድሜ ልካችሁን የሆነ ነገር ሲሸፍነው ይኖራል። «ምንም ጉዳት የለውም» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትመኑት። ሁለተኛው፣ ቬኒር ነው ተብሎ ክራውን የሚሠራላቸው ሰዎች አሉ። እኔንም የመጀመሪያው የሄድኩበት ክሊኒክ ከላይም ከታችም 20 ጥርስ «ቬኒር» እንዲሠራልኝ ነግሮኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሳነብ ክራውን ነው። ደህና የሆኑትን የኋላ ጥርሶቼን ሁሉ ጨምሮ። የጠየቅኩት ስለ ፊት ጥርሶቼ ብቻ ነበር።

ከእንግሊዝ ወደ ቱርክ እየሄዱ ጥርሳቸውን የሚያሠሩ ሰዎች ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ቬኒር ብለው ሄደው ክራውን ይዘው ይመለሳሉ። የብሪታኒያ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአትላንታ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2024 ያለ ፈቃድ ቬኒር ይለጥፍ ነበር ተብሎ የተከሰሰ ሰው አለ። ዋጋው ስለሚረክስ ሰው ይሄዳል። በአሜሪካ አንድ የፖርሲሊን ቬኒር ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ኢንሹራንሱም የውበት ጉዳይ ነው ብሎ አይከፍልም። ለአጭር ዕረፍት አዲስ አበባ መጥታችሁ በዚያው ጥርሳችሁን ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ አደራ። እዚህ ጥሩ ሐኪም አለ። ግን ጥሩ ሐኪም በሳምንት ውስጥ ሁሉንም ጨርሶ አይሸኛችሁም። አውሮፕላን ከተሳፈራችሁ በኋላ አንዱ ቢነቀል ወይም ጥርሱ ቢያብጥ የት ትሄዳላችሁ? መጀመሪያ እሱን መልሱ።

«ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይወልቃል»

በሥርዓቱ የተሠራ የፖርሲሊን ቬኒር ላይ የተደረጉ ክትትሎች የሚያሳዩት ሌላ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቦታቸው ላይ ናቸው። ብዙ ሐኪሞች ለሰው የሚነግሩት ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው። ኮምፖዚት ከሚባለው የጥርስ መሙያ ሙጫ የሚሠራው ዋጋው ይቀንሳል፣ ሲሰበርም ይጠገናል፤ ዕድሜው ግን ያጥራል፣ ቀለምም ይጠጣል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ይባላል።

በሁለት ዓመት የወለቀ ቬኒር የለም አልልም። አለ። ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። በጣም ጠልቆ ተሞርዶ ዴንቲን ላይ የተለጠፈ ነው። ወይም ሲለጠፍ ምራቅ ነክቶታል። ወይም ባለቤቱ ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል፤ ያንን ማንም አልጠየቀውም። ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ማታ ማታ የሚያደርገው መከላከያ ፕላስቲክ ያስፈልገዋል። በጥርሱ የለስላሳ ቆርኪ የሚከፍት፣ አጥንት የሚሰብር ሰውም አይሆንለትም። ድዱ የሚደማ ሰው መጀመሪያ ድዱ ይታከም። የተበላ ጥርስ ላይ ቬኒር አይደረግም፤ መጀመሪያ ይሞላል፣ ይታከማል።

ጸሐፊው ስለ ወጪው ያነሱት ግን ትክክል ነው። አንድ ጊዜ ከፍለው የሚገላገሉት ነገር አይደለም። በ20 ዓመቷ ያሠራች ሴት በሕይወቷ ደጋግማ ታስቀይረዋለች። ለዚህም ነው ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ቬኒር ሊደረግለት አይገባም የምለው። የልጅ ጥርስ ውስጡ ያለው ነርቭ ሰፊ ነው፤ ድዱም ገና ቦታውን አልያዘም። ለልጆች ሌላ መንገድ አለ። ወደ ታች እመጣበታለሁ።

«አያቶቻችን በመፋቂያ ብቻ…» እና «ፈጣሪ የሰጠውን መልክ…»

ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳው መልሳቸው አንድ ስለሆነ ነው።

መፋቂያ እወዳለሁ። የወይራውም የክትክታውም ቤታችን አይጠፋም ነበር። ጥርስ ያጸዳል፣ ድድ ያሻል። ግን የደጋው ሰው ጥርስ ነጭ የሆነው በመፋቂያው ብቻ አይደለም፤ የምንጩ ውሃ ፍሎራይድ ስላልበዛበት ነው። ያንኑ መፋቂያ ይዞ ስምጥ ሸለቆ የወረደ ቤተሰብ እዚያ የወለዳቸው ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል። ወላጆቹ ነጭ ጥርስ፣ ልጆቹ ቡናማ ጥርስ ይዘው አንድ ማዕድ ላይ ሲቀርቡ ወንጂ ውስጥ ስንት ቤት አይቻለሁ።

አያቶቻችን መልካቸውን አይነካኩም ነበር የሚለው ደግሞ ታሪኩን ይዘነጋል። የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎና የትግራይ እናቶች ድዳቸውን ይነቀሱ የለም እንዴ? በእሾህ ወይም በመርፌ እየተወጋ፣ ጥላሸት እየገባበት፣ ድዱ እስኪጠቁር። ያማል። ያብጣል። ለምን? ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ነው። ፈገግታን ለማሳመር ነው። ማንም ፈጣሪን ተዳፈሩ አላላቸውም፤ ተዘፈነላቸው እንጂ። ፈገግታ ማሳመር ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። የአያቶቻችንን ንቅሳት የሚያከብር ሰው የልጅ ልጆቻቸውን ቬኒር ለማውገዝ ይህን አይጥቀስ።

ስለ ሃይማኖቱ ከዚህ በላይ አልገባም። የንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ። የሰጡኝ መልስ ለእኔ በቅቶኛል።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሳንገናኝ አንቀርም። ፍንጭት ያላቸው ሴቶች ቬኒር ሲያሠሩ ፍንጭታቸው ሲደፈን አዝናለሁ። በአገራችን ፍንጭት ስንት የተገጠመለት ውበት ነው። ቅርጹ ከሌላ አገር ሰው ፎቶ ስለሚወሰድ ነው የሚደፈነው። ቴክኒሻኑ አያውቅም፤ ካልተነገረው ሁሉንም ገጥሞ ይሠራዋል። ፍንጭታችሁን ከወደዳችሁት ቅርጹን በሰም ሲሠራ ንገሩት፤ ፖርሲሊን ላይም ፍንጭት ይሠራል። ቀለሙም እንዲሁ። ሐኪሞች ቀለም የሚመርጡበት የታወቀ ማሳያ 16 የተፈጥሮ ቀለሞች አሉት። ከእነዚያ ሁሉ የነጡ ደግሞ ተጨምረዋል፤ ሰው የሚሮጠው ወደ እነዚያ ነው። እኔ ከተፈጥሮዎቹ መካከል ነጣ ያለውን መረጥኩ። የሠራሁት ያለፍሎራይድ ባድግ ሊኖረኝ ይችል የነበረውን ጥርስ ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፤ የእሷን ጥርስ አይተን ነው የመረጥነው።

«ሐኪሞቹ ለገንዘባቸው ነው»

የሚገፋፉ አሉ፤ አንዱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ሁሉም ግን እንዲያ አይደሉም። ያከመችኝ ሐኪም መጀመሪያ ያለችኝ «ቬኒር መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሱ በፊት የምንሞክረው አለ» ነው።

ይህን ጽሑፉ ጨርሶ አልነካውም። የበለዘ ጥርስ ደረጃ አለው። ትንሽ ነጫጭ መስመር ብቻ ከሆነ ሐኪም በሚሰጠው ማንጫ ሊስተካከል ይችላል። በጥርሳችሁ ልክ በተሠራ ፕላስቲክ ውስጥ ጄል አድርጋችሁ ማታ ማታ ትለብሱታላችሁ። መጀመሪያ ነጩ ነጥብ ጎልቶ ያስደነግጣል፤ ሲቆይ ከሌላው ጋር ይቀራረባል። ቡናማው ላይ ላዩን ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ቀለል ያለ አሲድና የሚፍቅ ዱቄት ቀላቅሎ ስሱን ንጣፍ ያነሳዋል። ከሎሚና ከሰሉ የሚለየው ልኩ የታወቀ መሆኑና ድዳችሁ ተሸፍኖ መሠራቱ ነው። ነጫጩን ቦታ ሳይሞርዱ ቀጭን ሙጫ የሚያስገቡበት ከጀርመን የመጣ ዘዴም አለ። ለልጆችና ለወጣቶች ያልኳችሁ መንገድ ይህ ነው። ከዚያ ኮምፖዚት አለ። ይህ ሁሉ አልሆን ሲል፣ ጥርሱ የተቦረቦረና ቡናማው የጠለቀ ሲሆን ነው ቬኒር የሚመጣው።

እኔ ማንጫውንም ቬኒሩንም ሞክሬያለሁ። የታች ጥርሶቼ በማንጫው ብቻ ተስተካከሉ፤ እስከ ዛሬ የራሴ ናቸው። የላይኞቹ ነጡ፣ ግን መቦርቦራቸውና የመሃሉ ቡናማ አልለቀቀም። ስለዚህ ስድስቱ የፊት ጥርሶች ብቻ ተሠሩ። ከማንጫው በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አስጠብቃኛለች፤ ወዲያው ከተለጠፈ ማጣበቂያው በደንብ አይዝምና። ቅደም ተከተሉም ራሱ ነገር አለው። ፖርሲሊን አንዴ ከገባ በማንጫ አይነጣም፤ የሚነጣው የራስ ጥርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንጣት ካለ ከቬኒሩ በፊት ነው። ገንዘብ ብቻ የምትፈልግ ሐኪም ብትሆን ኖሮ የታቾቹንም ትሞርዳቸው ነበር።

«የታይታ ነገር ነው»

ደህና፣ ነጭ፣ የተስተካከለ ጥርስ ይዞ የበለጠ እንዲነጣለት ብቻ ብሎ የሚያስሞርድ ሰው አለ። እሱን አልከላከልም። እንዲያውም ተው እለዋለሁ።

ግን የወንጂን ልጅ፣ የመተሐራን ልጅ፣ የባቱን ልጅ ከሱ ጋር አንድ ላይ አትውቀሱ። እኛ ውስጥ ሲስቅ አፉን በእጁ የማይሸፍን ጥቂት ነው። ከልጅነት የመጣ ልማድ ስለሆነ እጃችን ራሱ ያውቀዋል። የሰርግ ፎቶ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ የቆመ ሙሽራ አይቻለሁ፤ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በል እንጂ፣ ሰርግህ አይደለም እንዴ?» እያለው። በጥርሱ ምክንያት ሰው ፊት መናገር የሚከብደው አስተማሪ አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ታይታ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ ሰው ዓይኑን ጥርሳቸው ላይ እንዳያሳርፍ ነው የሚፈልጉት።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ብዕርዎ ሰው ዘንድ እንደሚደርስ አይተናል። ቀጥሎ ስለ ውሃው ይጻፉልን። በስምጥ ሸለቆ ዛሬም ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የሚጠጡ ሕፃናት አሉ። ከተቃጠለ አጥንት በሚሠራ ከሰል ውሃውን ማጣራት እንደሚቻል ይታወቃል፤ በአንዳንድ ቀበሌዎችም ተሠርቶበታል። የዝናብ ውሃ ማጠራቀምም ለሕፃናቱ ብቻ እንኳ ይበቃል። ማፍላት ግን ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን ያጎላዋል እንጂ። ብዙ እናቶች ይህን አያውቁም።

እዚያ አካባቢ ሕፃን ለምታሳድጉ ደግሞ እንዲህ ነው። የጉድጓዳችሁ ውሃ ተለክቶ እንደሆነ የወረዳውን የውሃ ቢሮ ጠይቁ። የዱቄት ወተት የምትበጠብጡ ከሆነ በዚያ ውሃ አትበጥብጡ። ለልጁ የጥርስ ሳሙና ስታደርጉ ከ3 ዓመት በታች ለሆነው የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል። እንዲተፋውም አስተምሩት። የዐቢይ ጾም ይመስል ሳሙናውን ጨርሶ አትከልክሉት። ዋናዎቹ የፊት ጥርሶች ከ6 እስከ 9 ዓመት ባለው ጊዜ ይበቅላሉ። በዚያን ጊዜ ነጫጭ መስመር ካያችሁ ሎሚውን ተዉትና ወደ ጥርስ ሐኪም ውሰዱት።